«ቤታችሁን አፍርሰን በነፃ ፎቅ እንሥራላችሁ» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ነባር ይዞታ ያላችሁ፣ በተለይ እናት አባታችሁ በአሮጌ ጭቃ ቤት የሚኖሩ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።

እናቴ ዘንድ የመጣው ኮንትራክተር ያቀረበው ነገር ያጓጓል። መሬቱ ከእኛ፣ ወጪው ከእሱ፤ ባለ አራት ፎቅ ሠርቶ ግማሽ በግማሽ መካፈል። እስኪያልቅ የቤት ኪራያችንን እሱ ሊከፍል። ፈረምን። ቤቱ በሁለት ቀን ፈረሰ። እማዬ በእጇ የተከለችው ዘይቱን ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ገልባጭ መኪና ላይ ሲጫን ቆማ አየች።

ዛሬ ግቢው ውስጥ ያለው መሠረትና የዛገ ፌሮ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር ሲወርድ፣ ሰውዬው ፌሮ ጨመረ ብሎ ድርሻችን ወደ ሩብ ይውረድ አለ። እምቢ ስንል ሥራውንም ኪራዩንም አቆመ። ፌሮ መወደዱ እውነት ነው፤ ግን ጭማሪውን ማን እንደሚሸከም ውላችን ላይ አንድ መስመር የለም። እማዬ ሰርቪሶቹን አከራይታ ትተዳደር ነበር። አሁን ያ ገቢ ቀርቶ እሷም ተከራይ ሆናለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «ግማሽ» የምትለዋ ቃል ናት። ጠበቃ ዘንድ ስሄድ ነው የገባኝ። መንገድ ዳር ያሉት ሱቆችና አንደኛ ፎቅ የእሱ፣ ሦስተኛና አራተኛ የእኛ፣ ሁለተኛው ለሁለት። ሊፍት የለውም። የእኛ ድርሻ የሚረከበው ደግሞ ያለ ፊኒሺንግ ነው፤ በሩ፣ ሴራሚኩ፣ የመብራትና የውሃ መስመሩ ከኪሳችን። በፎቅ ቆጠራ እኩል ነን፤ በገንዘብ ግን የአንድ ሱቅ ኪራይና ደረጃ የሚያስወጣ ቤት ኪራይ እኩል አይደለም። ስለዚህ ድርሻችሁ የትኛው ፎቅ፣ ስንት ካሬ፣ እስከ ምን ድረስ ተጠናቆ እንደሆነ ይጻፍ። ለኪራዩና ለማጠናቀቂያው የባንክ ዋስትና ሳያስይዝ አንድ ቆርቆሮ እንዳይነቀል።

መሬቱን ያዳነልን የእህቴ እምቢታ ነው። ሰውዬው «ፈቃድ ለማስጨረስ» ብሎ ያመጣው ውክልና ውስጥ መሸጥና በዋስትና ማስያዝ ተጽፎ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ እነዚህ ሥልጣኖች በልዩ ውክልና በግልጽ ካልተሰጡ ወኪሉ ቤት መሸጥም ማስያዝም አይችልም። እሷ አስወጣቻቸው። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ቃል በቃል አንብቡ፤ እንዳታፍሩ።

እንዲህ ያለ ውል የቀረበላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የእኛን ውል ኮፒ ስሙን ሸፍኜ እልክላችኋለሁ፤ የድርሻውን አንቀጽ ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት።