ጎረቤት የማይቀሰቅስ ድራም? ከወራት በኋላ የታዘብኩት

ፍርዴን ላስቀድም። ይህ ድራም እጅና እግር ለማሠልጠን የወጣበትን ገንዘብ ያህል ይሠራል። ጆሮ ለማሠልጠን ግን ብቻውን አይበቃም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ቀስ ብለን እናየዋለን።

ዕቃው በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ኤሌክትሮኒክ ድራሞች አንዱ ነው። ስኔር በሚባለው ዋና ከበሮና ቶም በሚባሉት ሦስት ከበሮዎች ላይ የተወጠረው እንደ ወንፊት ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ነው፤ ሜሽ ይሉታል። በእውነተኛ ድራም ብረት የሆኑት ሲምባሎቹ እዚህ ጎማ ናቸው። በእግር ለሚመታው ኪክ ደግሞ መሬት ላይ የሚቆም ትንሽ ፓድ አለው። ሁሉም በገመድ ወደ አንዲት ሞጁል ይገባሉ፣ ድምፁን የምታወጣው እሷ ናት። ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት በካርጎ የላከችልኝ። ዋጋው ከደህና ላፕቶፕ አያንስም። ብራንዱን አልጠራም፤ በዚህ ዋጋ ያሉት ሁሉ ጠባያቸው ተቀራራቢ ነው።

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። እውነተኛ ድራም አስገብቼ ብመታ በሳምንቱ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» እባላለሁ። ስለዚህ ምርጫ አልነበረኝም። ሄድፎን ይደረጋል፣ ይመታል፣ ማንም አይሰማም። ማስታወቂያው እንዲህ ነው የሚለው። አከራዬ ከሥር ነው የሚኖሩት። አንድ ማታ መጥተው በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ምንድን ነው የምትወቅጠው?»

«ድራም እየተለማመድሁ ነው እማማ።»

«ድራም? ድምፁ የታለ ታዲያ? እኔስ ቡና እየወቀጥህ መስሎኝ!»

እውነታቸውን ነው። በአየር የሚሄደው ድምፅ ትንሽ ነው፤ ዱላ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ ከግድግዳ አያልፍም። የኪኩ ፔዳል ግን በቀጥታ ወለሉን ነው የሚመታው። ንዝረቱ በወለሉ ይወርድና ከሥር ያለው ክፍል ውስጥ ድው ድው ይላል። ምንጣፍ ብቻውን ምንም አያደርግለትም። እኔን ያዳነኝ ሁለት ኮምፔንሳቶ ነው። በመሃላቸው የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆራርጬ ደረደርኩ፣ ድራሙን ሙሉ በሙሉ እላዩ ላይ አቆምኩት። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች በስፖንጅ ፋንታ የቴኒስ ኳስ ይደረድራሉ፤ ሐሳቡ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ እማማ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ «ቡናው አለቀ እንዴ?» ይሉኛል።

መብራቱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ጎንደር ያለ ሰው ያውቀዋል። ሞጁሏ የምትበላው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ ያስነሳታል። ከመሰካታችሁ በፊት ግን አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት አስተያዩ። ከጎኑ ያለችውን የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ሥዕልም እዩ። የመሃሉ ምልክት ከተገለበጠ ሞጁሏ ልትቃጠል ትችላለች። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ዝቅ ደግሞ ስታብላይዘር ይፈልጋል። ትምህርቶችንም ዳታ ሲኖር አውርዶ ማስቀመጥ ነው።

ብሉቱዝ ሄድፎን የምትወዱ ተስፋ ቁረጡ። ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። በጆሮ ሙዚቃ ለመስማት አይታወቅም፣ ለመምታት ግን እጅና ድምፅ ተለያይተው ያሳብዳሉ። ባለ ገመዱን ግዙ።

ወደ እጅ እንምጣ። ድራም መምታት ማለት ግማሹ ዱላውን አለመከልከል ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ዱላውን እንደ ማጠፊያ ይይዙታል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከኋላ ላላ ብለው ይከተላሉ። ዱላው ሲወርድ ራሱ ነጥሮ ይመለሳል፤ የእናንተ ሥራ መመለሱን አለማቋረጥ ነው። አንቆ የያዘ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ክንዱ ይደርቃል። ሜሽ እዚህ ላይ ደግም ክፉም ነው። ጀማሪን ያበረታታል፣ ምክንያቱም በጣም ያነጥራል። በአንድ እጅ ሁለቴ መምታት ቶሎ የሚገባችሁ ይመስላችኋል። እውነተኛ ስኔር ላይ ስትቀመጡ ግማሹ ይጠፋል፤ ሥራውን ይሠራላችሁ የነበረው ጨርቁ ነውና። መድኃኒቱ ትራስ ነው። ትራስ ምንም አያነጥርም፣ ስለዚህ አንጓና ጣት ራሳቸው ዱላውን እንዲያነሡ ያስገድዳል። እኔ ሁልጊዜ በትራስ ጀምሬ ነው ወደ ሜሹ የምሄደው።

ፐርከሲቭ አርትስ ሶሳይቲ የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ካጸደቃቸው 40 መሠረታዊ ምቶች ውስጥ ሁሉንም አትሩጡባቸው። ፓራዲድል ላይ ክረሙ፦ ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያዋን ምት ብቻ ጠንከር፣ ሌሎቹን ዝቅ አድርጋችሁ ምት በሚቆጥረው ሜትሮኖም ሞክሩት፤ ያኔ ማንነታችሁ ይታወቃል። ራሽ የተባለው የሮክ ባንድ ድራም መቺ ኒል ፒርት ስሙ ዓለምን ከሞላ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ፍሬዲ ግሩበር የሚባል አስተማሪ ዘንድ ሄዶ የእጁን እንቅስቃሴ ከሥሩ ቀይሯል። እሱ ካደረገው እኛ ፓራዲድል ሰለቸኝ ማለት አያምርብንም።

የሞጁሏ ምርጥ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፤ አታባብልም። ከምቱ ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ እንደሆነ በስክሪኗ ትነግራችኋለች። ሁላችንም ፊል ላይ፣ ማለትም በዘፈኑ ክፍሎች መሃል የምትገባው የድራም ጌጥ ላይ ስንደርስ እንሮጣለን። ሰው በይሉኝታ ዝም የሚለውን እሷ ትናገራለች። በሰዓት አጠባበቅ በኩል ለዚህ ድራም ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

ግራኞች፣ እናንተም አትቸገሩ፤ ፓዶቹን ማገላበጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሪንጎ ስታር ግን ግራኝ ሆኖ ለቀኝ በተዘረጋ ድራም ነው የተጫወተው። እነዚያ ሰው ሁሉ የሚገረምባቸው የቢትልስ ፊሎች ባልተለመደ መንገድ የሚሄዱት በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ቅሬታዬ ወዳለበት እንግባ። ድራም የገዛሁት የሮክ መቺዎችን ስለምወድ ነው። ታዲያ ትልልቆቹን ቁጭ ብላችሁ ስትሰሙ ትልቅነታቸው ጉልበታቸው ላይ አይደለም። የሌድ ዜፕሊኑን ጆን ቦናምን ውሰዱ። ሰው የሚያስታውሰው 26 ኢንች ባስ ድራሙንና ኃይሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የመክፈቻ ዘፈን ላይ ግን እግሩን ስሙት። በአንድ ፔዳል፣ በአንድ እግር፣ ሁለት ሁለት ፈጣን ምት ያስገባል። ብዙ ሰው ሁለት ፔዳል ይመስለው ነበር። የዚህ ዕቃ የኪክ ፓድ ያንን ለመለማመድ ጥሩ ነው። ተረከዝ አንሥቶ፣ የመጀመሪያውን ምት እግርን ከኋላ አድርጎ፣ ሁለተኛውን ወደፊት ሸርተት እያሉ መምታት ነው። ጉልበት ሳይሆን ልምምድ ነው የሚፈልገው፤ ዝግ ብሎ ከተጀመረ ይመጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ከወገብ በላይ ነው። የቶቶ ባንዱ ጄፍ ፖርካሮ በመታው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ዝነኛ ሻፍል (እያወዛወዘ የሚሄድ ምት) ውስጥ በትልልቆቹ የስኔር ምቶች መካከል እንደ ሹክሹክታ ያሉ ትንንሽ ምቶች አሉ። ዱላው ከስኔሩ በጣት ስፋት ብቻ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ጎስት ኖት ይሏቸዋል። ዘፈኑን የሚያስኬዱት እነሱ ናቸው። ፖርካሮ ራሱ ሐሳቡን ከበርናርድ ፐርዲና ከቦናም እንደወሰደ ተናግሯል። እኔ ያንን ስሞክር ሞጁሏ ከሦስት ትንንሽ ምቶች አንዱን ትሰማለች፣ ሁለቱን ትውጣለች። ትንሹን ምት የመስማት አቅሟ ከፍ ይደረግ ብዬ ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። አሁን ደግሞ ቶሙን ስመታ ሲምባሉ አብሮ ይጮኻል፤ ንዝረቱን እንደ ምት ትቆጥረዋለች። መሃከለኛ ቦታ ለማግኘት ብዙ ማታ ፈጅቶብኛል። አሁን ትሰማለች፣ ግን ለስላሳውና በጣም ለስላሳው ለእሷ አንድ ናቸው።

ፈጣን ሮልም፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚደረደር ምት፣ እንደዚያው ነው። ያው አንድ የተቀረጸ ድምፅ እየተደጋገመ ስለሚወጣ መትረየስ ይመስላል። እውነተኛ ስኔር ላይ ሁለት ምት አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ጆሮ ውስጥ ችክችካ አለ። ሦስት ሦስት እየሆነ የሚሄድ ምት ከሕፃንነታችን ሠርግ ላይ፣ አዝማሪ ቤት ሰምተነዋል። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ የሚፈራው ሻፍል ለእኔ አልከበደኝም፤ እሱም ሦስት ሦስት ነው የሚቆጠረው። የከበደኝ ቀጥ ያለው የሮክ ምት ነው። ሳላውቀው እያወዛወዝኩት ሜትሮኖሙ ያጋልጠኛል።

አንድ የአቋቋም ተማሪ ወዳጅ አለኝ። የአቋቋም ምስክሩ ጎንደር በአታ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከሩቅ አገር ለዚያ ነው የመጣው። ሄድፎኑን ሰጠሁትና ዱላውን ትቶ በመዳፉ መታ። በመጀመሪያ በመዳፉ፣ ቀጥሎ በጣቶቹ ጫፍ፣ ከዚያ መሃሉን ትቶ ዳር ዳሩን። የሜሹ መሃልም ዳርም ያንኑ ድምፅ ሰጠው። ትንሽ ቆይቶ ሄድፎኑን አወለቀ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ይቀበላል እንጂ አይመልስም» አለኝ። ከበሮ ሰፊው አፉ ሌላ ነው፣ ጠባቡ ሌላ ነው። መረግዱ በዝግታ ሲሄድና ጽፋቱ ሲፈጥን እጁ የሚያርፍበት ቦታና ክብደቱ ይለያያል። የቦናም ነገርም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው አራተኛው የሌድ ዜፕሊን አልበም መዝጊያ ላይ ያለው ያ ግዙፍ ድምፅ የተቀረጸው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ማይኮቹ የተሰቀሉት ከላይ ደረጃው ላይ ነበር። ግማሹ ድምፅ የቤቱ ነው። ሞጁሏ «አዳራሽ» የሚል ምርጫ አላት፣ ስትመርጡት ማስተጋባት ትጨምራለች። ቤት ግን አትሆንም።

እንዲህ ስል ኤሌክትሮኒኩን የምንቅ እንዳይመስላችሁ። የዴፍ ሌፐርዱ ሪክ አለን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1984 በመኪና አደጋ ግራ እጁን አጣ። ወደ መድረክ የተመለሰው በኤሌክትሮኒክ ድራም ነው፤ ግራ እጁ ይመታው የነበረውን ለግራ እግሩ በፔዳል አከፋፍሎ። በ1986 ዶኒንግተን ላይ ተጫወተ፣ በቀጣዩ ዓመት የወጣው አልበማቸውም ዓለምን አዳረሰ። እንግዲህ ዕቃው ሙዚቃ አይሆንም የሚል ካለ ከእሱ ጋር ይነጋገር። ነጥቤ ስለ ርካሾቹ ነው።

ትልቁ ድክመት የሀይሃት ፔዳሉ ነው፤ ሀይሃት በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉት ሁለት ተደራራቢ ሲምባሎች ናቸው። የዚህ ፔዳል ክፍትና ዝግ ብቻ ያውቃል፣ መሃሉን አያውቅም። የሮክ ግማሹ ደግሞ መሃል ላይ ነው፤ ትንሽ ከፈት ብሎ ሽሽ የሚለው። ቻርሊ ዋትስን እዩት። ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲመታ ስኔሩን በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ከሀይሃቱ ያነሣል። አብሮ አይመታም። ልቡ ጃዝ ነበር፣ ጨዋታውም ባልመታው ነገር ይታወቃል። ይቺን ነገር እዚህ ድራም ላይ ሞክሯት፤ ድምፁ ብዙ አይለወጥም፣ ትከሻችሁ ግን ሲላላ ይታወቃችኋል። የእኔ የስኔር ምት የተስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው።

በጥንካሬ በኩል አልከፋኝም። ሜሹ እየላላ ይሄዳል፣ በቁልፉ ተራ በተራ፣ ፊት ለፊት ያለውን እያያችሁ ማጥበቅ ነው። የበጋው አቧራ ገመዶቹ የሚሰኩበት ውስጥ ይገባል፤ ሳትጠቀሙ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። የአንዱ ሲምባል ጎማ ዳሩ ላይ ተልጧል። የቧንቧዎቹ ማያያዣ ፕላስቲክ ነው፣ ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ይሰነጠቃል።

ዱላ ነገር አንድ ልበል። 5ኤ የሚባለው፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ለጀማሪ ይሆናል። ጎንደር ውስጥ እሱን ማግኘት ዕድል ነው። አንድ እንጨት ጠራቢ ዘንድ ሄጄ ከወይራ አሠርቼ ነበር። አይሰበርም፣ ግን ከባድ ነው፤ ሁለቱም እኩል አይመዝኑም። ለትራስ ልምምድ አድርጌዋለሁ። ዱላችሁ ጫፉ ከተሰነጠረ ግን ያን ቀን ጣሉት፤ ሜሹን የሚቀደው እሱ ነው።

ማን ይግዛው? ተከራይቶ የሚኖር፣ ማታ ብቻ ጊዜ ያለው፣ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ይግዛው። እውነተኛ ድራም የሚገኝበት የባንድ መለማመጃ ወይም የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ክፍል ካለም በሳምንት አንዴ ለምኖ መቀመጥ ነው። እኔ የሚያስቀምጠኝ ባንድ አግኝቻለሁ። ከዚያ መልስ ሞጁሏ የምትውጣቸውን ምቶች ጆሮዬ ስለሚያውቃቸው ባትሰማኝም አልተዋቸውም። ቀድሞ ድራም ያለው፣ ልዩነቱን የሚሰማ ሰው ግን ገንዘቡን ያጠራቅምና በአንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይግዛ፤ በተለይ ሀይሃቱ መሃሉን የሚያውቀውን። እኔም የአክስቴን ልጅ ፔዳሉን ብቻ ለይታ እንድትጠይቅልኝ ነግሬያታለሁ። ከዚህ ሞጁል ጋር ይናበብ እንደሆነ ሻጩ እስካሁን ቁርጡን አልነገራትም።