ሁለት አሮጌ ሴሊካ፦ ያልተነካው ይሻላል ወይስ የተነካካው?

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ገንዘብ ሲያጠራቅም ከርሞ በመጨረሻ የልቡን አወጣ። "አጎቴ፣ ሁለት በር ያለው መኪና ነው የምፈልገው" አለኝ። ቪትዝ ግዛ ብዬ ለመንኩት፤ አልሰማም። ኮሮላ ይሻልሃል አልኩት፤ ሳቀ። ዓይኑ ያረፈው ቶዮታ ሴሊካ ላይ ነው። ወጣትነት ነውና ተውኩት።

ስንጠይቅ ስናስጠይቅ ሁለት አገኘን። አንዱ ደሴ፣ ሌላው እዚያው ኮምቦልቻ። ሁለቱም በፈረንጆቹ ከ1993 እስከ 1999 ከተመረቱት፣ ፊታቸው ላይ አራት ክብ መብራት ካላቸው ናቸው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። የደሴው "ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ብሎን አልተፈታም" የተባለለት ነው። የኮምቦልቻው ሞተሩ፣ ራዲያተሩ፣ አሞርዛተሩና አንዱ ፓራፋንጎ ተቀይሯል።

ደላላው ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም። "ጋሼ፣ ኦርጅናል ኦርጅናል ነው" አለኝ። እኔም መጀመሪያ ከሱ ጋር ነበርኩ። ሁለት ቅዳሜ መካኒክ ይዘን ስንዞር ከዋልን በኋላ ግን ሐሳቤ ተለወጠ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኤክሳይዝ ታክሱ በ2012 ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። እንዲህ ሲዞር ደግሞ ምንም ያልተቀየረለት ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ብርቅ ነው። ብርቅ መሆኑ ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ሞተሩ

የደሴው ሁለት ሊትር ነው፤ 3ኤስ-ጂኢ የሚባለው። ለአውሮፓ ገበያ ሲሠራ 175 ፈረስ ጉልበት ነበረው። በደህና ጊዜው ጥሩ ሞተር ነው፤ አልዋሽም። ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ባለቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። መካኒኩ ሰላም ካለ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መዳፉን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ሞቋል። የደሴ ብርድ እጅ በሚያደነዝዝበት ሰዓት ኮፈን እንዲሁ አይሞቅም። "አባባ፣ ቀድመው አስነስተውት ነበር?" አላቸው። "ባትሪው እንዳይደክም ብዬ ነው ልጄ" አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያወጣውን ጭስ አላየንም። ጠዋት ነጭ እንፋሎት ቢወጣ የደሴ አየር ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ግን ዘይት እየበላ ነው። እናንተም ስትሄዱ "እስክንመጣ አታስነሱት" ብላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ።

ቀጥሎ መካኒኩ ስለ ታይሚንግ ቺንጋው ጠየቀ፤ ቫልቩና ፒስቶኑ ሳይጋጩ ተራ ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገው ቀበቶ ነው። መቼ ነው የተቀየረው? ባለቤቱ በኩራት መለሱ፤ "ነገርኩህ እኮ፣ ብሎን አልተፈታም!" መካኒኩ ዞር ብሎ አየኝ። ብሎን ካልተፈታ ቺንጋውም አልተቀየረም ማለት ነዋ። ይህ ሞተር ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስቶኑ ይጋጫሉ። ከዚያ ወዲያ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ማውረድ ነው። ቺንጋ ደግሞ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፤ ብዙ ባይነዳም ላስቲክ ነውና በዕድሜው ያረጃል።

የኮምቦልቻው ሲወጣ 1.8 ሊትር ሞተር ነበረው፤ 7ኤ-ኤፍኢ። አሁን ያለው የኮሮላ 1.6 ነው፤ 4ኤ-ኤፍኢ። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ ካምቢዮውም አልተነካ፣ ማቀፊያውም አልተበየደ። እንዲህ ያለ ቅያሪ አያስፈራም። ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ጥቅሙ ይበልጣል። የዚህ ሞተር ቺንጋ ቢበጠስ መንገድ ላይ ያቆማችኋል እንጂ ቫልቭ አይሰብርም። ካንዴላው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ውሃ ፓምፑ ኮሮላ ባለበት ሁሉ አለ። የደሴው ሞተር ዕቃ ግን ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዱም ከውጭ ነው የሚመጣው።

ግን የተቀየረ ሞተር ሽቦውም አብሮ ይነካካል። እዚህ ጋ ነው መጠንቀቅ። ቁልፉን ወደ ሁለተኛው ስታዞሩ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለበት ብርቱካናማ መብራት መብራት አለበት። ሲነሳ ይጠፋል። የእህቴ ልጅ ቁልፉን አዞረ። የዘይቱ በራ፣ የባትሪው በራ፣ የሞተሩ የለም። ሻጩ "አምፖሉ ተቃጥሎ ነው" አለ። መካኒካችን ከሳጥኑ አንዲት ትንሽ አምፖል አወጣና ዳሽቦርዱን ፈቶ አስገባት። አሁን በራ። ሞተሩ ተነሳ፤ መብራቱ አልጠፋም። ኮፈኑን ከፍቶ በመመርመሪያዋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኘ። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፤ ትንሽ ቆየ፤ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ሃያ አንድ። ይህ ቁጥር የሚጠቁመው የኦክስጅን ሴንሰሩን ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን። ከሥር ገብቶ ሲያይ ሽቦው ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

ይህ ሞተሩን አይገድለውም፤ ነዳጅ ግን ያስበላል። እኔን ያናደደኝ አምፖሉ ነው። የተበላሸ ነገር ይስተካከላል፤ የተደበቀ ሲሆን "ሌላስ ምን ተደብቆ ይሆን?" ያሰኛል።

ስለ ፈረስ ጉልበት አንድ ነገር ልበል፤ የእህቴ ልጅ 175ን ሰምቶ ሊበር ደርሶ ነበርና። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በሚስበው አየር ልክ ነው የሚጎትተው። ስለዚህ 175ቱ ደሴ ፒያሳ ሲደርስ ከ140 በታች ይሆናል፤ ያውም ሞተሩ እንደ አዲስ ከሆነ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ያው መኪና እዚያ ትንሽ ይሻለዋል። ኮምቦልቻ ነድታችሁ የወደዳችሁትን መኪና ደሴ አውጥታችሁ ሳትሞክሩ አትግዙ።

ሐረጎ

መኪና የሚፈተነው ሐረጎ ላይ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ዳገት። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ያወርዳል። ጠመዝማዛው ላይ ከፊት የጭነት መኪና ካለ ፍሬን ትረግጣላችሁ፣ ትለቃላችሁ፣ ትረግጣላችሁ።

የደሴውን ይዘን ወረድን። ግማሽ ሳንደርስ ፍሬኑ መላላት ጀመረ። እግሬ ወደ ወለሉ እየቀረበ ሲሄድ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረድኩና ዳር ይዤ አቆምኩ። የፍሬን ዘይቱን ስናይ ጥቁር ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ መኪና አያቆምም። "ያልተነካ" ማለት እዚህም ትርጉሙ ይኸው ነው።

የኮምቦልቻው ፍሬን ሸራው አዲስ ነው፤ ልክ እንደረገጡት ይይዛል። አሞርዛተሩም አዲስ ነው። ግን ቀደም ሲል የነዳው ሰው መኪናው ዝቅ እንዲል ብሎ ሞላውን በግራይንደር አስቆርጦታል። መታጠፊያ ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ደሴ ኮብልስቶን ላይ ስንወጣ ሆዱ ሁለቴ መሬት ነካ፤ የእህቴ ልጅ በሁለቱም ጊዜ ፊቱን አጨማደደ። የተቆረጠ ሞላ አይጠገንም፤ ሙሉውን ገዝቶ መቀየር ነው። ከዋጋው ላይ አስቀንሱበት።

ሲወጡ ደግሞ ሙቀት አለ። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የደሴው ራዲያተር የራሱ ነው፤ ውስጡ ግን ቀይ ዝቃጭ ይዟል። ሐረጎ ጫፍ ላይ ሙቀት መለኪያው ከመሃል አልፎ ነበር። የኮምቦልቻው አዲስ ራዲያተር ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ቀዘቀዘብን፤ ተርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግደውን ዕቃ፣ አውጥተው ጥለውታል። ብዙ ጋራዥ "እንዳይሞቅብህ" ብሎ የሚሠራው ነገር ነው። ሞተሩ ግን በ82 ዲግሪ አካባቢ እንዲሠራ ነው የተሠራው፤ በደሴ ብርድ ሳይሞቅ ሲሄድ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ተርሞስታት ርካሽ ዕቃ ነው። አስገቡት።

ላሜራው

እዚህ ብዙ አልቆይም። በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት ያዙ። የምትይዝበት ላሜራ ነው፤ የምትወድቅበት ጉድጓድ መሙያው ስቱኮ ነው። የኮምቦልቻው ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ስለሆነ መቀየሩ አያሳስብም። የደሴው ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል፤ ማግኔቷ ሦስት ቦታ ወደቀች። ያ የመኪናው አካል ነው፤ ፈትተህ የምትቀይረው አይደለም። አራቱን ክብ መብራቶች ግን በሁለቱም ላይ ደህና አድርጋችሁ እዩ። ከኮሮላ የማይዋስ ዕቃ ነው።

ሊብሬው

ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም ተጽፏል። የደሴው ሁለቱም ገጥመዋል። የኮምቦልቻው ሻንሲው ገጠመ፤ ሞተሩ አልገጠመም። ሊብሬው አሁንም የድሮውን 1.8 ነው የሚያወራው።

ሻጩ "ችግር የለውም፣ ስም ስታዞር አብረህ ታስተካክለዋለህ" አለ። እኔ እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቼ አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት ሞተሩ የተቀየረ ፒክአፕ ገዛሁ። ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልኩን አላነሳም። ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረኝ ስም ማዞር አቃተኝ፤ ለዓመታዊ ምርመራ በሄድኩ ቁጥርም እጄን አጣጥፌ መቆም ሆነ። በመጨረሻ በኪሳራ ሸጥኩት። ስለዚህ አሁን ሕጌ አንድ ነው። ሞተሩ የተገዛበት ሕጋዊ ሰነድ ይቅረብ፣ ሻጩ ራሱ በራሱ ስም ሊብሬውን ያስተካክል፣ ከዚያ በኋላ ነው ክፍያ። ቀብድም ቢሆን በውል ላይ ይህ ተጽፎ ነው።

ታዲያ የትኛው?

ጋራዥ ለማስገባት ጊዜም ገንዘብም ያለው፣ ዕቃ ለማስመጣት የሚታገስ ሰው ከሆነና ዝገቱ ካልገፋ፣ እንደ ደሴው ዓይነቱ ይሁንለት። ገዝቶ ግን ቤቱ አይነዳውም፤ ቀጥታ ጋራዥ ነው። ቺንጋ፣ የፍሬን ዘይትና ቱቦ፣ ራዲያተር። ያኔ እሱም "ያልተነካ" መሆኑ ይቀራል።

ጠዋት ሥራ መግባት ላለበት ልጅ የኮምቦልቻው ይሻላል። ይህን የምለው ሊብሬው ከተስተካከለ ብቻ ነው። ካልተስተካከለ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡትም አልመክረውም።

ሻጩ ሰነዱን ለማምጣት ሁለት ሳምንት ጠይቋል። የሞላውንና የሴንሰሩን ከዋጋው ለመቀነስ ተስማምቷል፤ ተርሞስታቱን ግን "እናንተ ጣሉበት" ብሎ ሙጭጭ ብሏል። የእህቴ ልጅ እስከዚያ ድረስ በየማታው እየደወለ ስለ ቸርኬ ይጠይቀኛል።