አኳየር፦ ገንዘቡ ያለው ውህደቱ ላይ ነው

አኳየርን የፈጠረው አሜሪካዊው ሲድ ሳክሰን ነው፤ 3ኤም ኩባንያ ያሳተመው በ1964 እ.ኤ.አ. ነበር። ኩባንያ መመሥረትን፣ አክሲዮን መግዛትንና መዋሃድን ከሚያሳዩ የሰሌዳ ጨዋታዎች ሁሉ ለጀማሪ ቀድመን የምንመክረው ይህን ነው። ሕጉን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ጨዋታው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከሆቴሎቹ ስምና ከዋጋ ሰንጠረዡ በቀር የሚነበብ ነገር ስለሌለው እንግሊዝኛ የማይችል ሰውም እኩል ይጫወተዋል። በሦስት ሰው ይሠራል፤ የሚጥመው ግን በአራት ነው።

የቆየው ሰሌዳ 12 በ9 ነው፤ በ108ቱ ጠጠሮች ላይ ከ1ኤ እስከ 12አይ ያሉት የቦታ ስሞች ተጽፈዋል። የሆቴል ኩባንያዎቹ ሰባት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 25 አክሲዮን አላቸው። ታወርና ሉክሶር ርካሾች ናቸው፤ አሜሪካን፣ ወርልድዋይድና ፌስቲቫል መካከለኞች፤ ኢምፔሪያልና ኮንቲኔንታል ውዶች። (ስሞቹ በአንዳንድ እትሞች ተቀይረዋል።) እያንዳንዱ ተጫዋች 6,000 ዶላርና ስድስት ጠጠር ይዞ ይጀምራል።

ተራ የደረሰው ሰው መጀመሪያ አንድ ጠጠር ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ቢበዛ ሦስት አክሲዮን ይገዛል፣ መጨረሻ ላይ አዲስ ጠጠር ያነሳል። ጎን ለጎን ወይም ላይና ታች የተያያዙ ሁለት ጠጠሮች ኩባንያ ይሆናሉ፤ መሥራቹም አንድ አክሲዮን በነፃ ይወስዳል። በሰያፍ የተነካኩ ጠጠሮች አይቆጠሩም። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተራዎች አብራችሁ ተከታተሉ።

አገር ቤት የባንክ አክሲዮን የያዘ ሰው በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ይጠብቃል። እዚህ የትርፍ ድርሻ የለም። አክሲዮንን በፈለጉበት ሰዓት መሸጥም አይቻልም። በየተራው ሦስት ሦስት የገዛ ሰው ስድስት ሰባት ተራ ሳይሞላ ካዝናው ይራቆታል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ሲገዙ ቁጭ ብሎ ያያል። ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ ገንዘብ የሚገባው ኩባንያ ሲዋጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ላይ ብቻ የሙጥኝ ያለ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

አንድ ውህደት በቁጥር እንይ። ታወር 4 ጠጠር አለው፤ የአንድ አክሲዮን ዋጋው 400 ነው። ኮንቲኔንታል 9 ጠጠር አለው። በመካከላቸው ያለችው ባዶ ቦታ ስትሞላ ትልቁ ትንሹን ይውጣል። ከታወር አክሲዮን ብዙ የያዘው ሰው የዋጋውን አሥር እጥፍ፣ 4,000፣ ቦነስ ያገኛል፤ ሁለተኛው አምስት እጥፍ፣ 2,000። ሦስተኛው ቦነስ የለውም። አንደኝነቱን ሁለት ሰዎች እኩል ከያዙት ሁለቱ ቦነሶች ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። ዋጋው የሚሰላው ታወር ከመዋጡ በፊት በነበረው መጠን ነው፤ አገናኟን ጠጠር ደምሮ የሚያሰላ ባንከኛ ይሳሳታል።

ከዚያ ውህደቱን ካደረገው ሰው ጀምሮ እያንዳንዱ ባለአክሲዮን ይወስናል፦ የታወሩን ይሸጣል፣ ሁለቱን በአንድ ኮንቲኔንታል ይለውጣል፣ ወይም ታወር እንደገና ይመሠረታል ብሎ ይይዛል። ኮንቲኔንታል አሁን 14 ጠጠር ስላለው አክሲዮኑ 900 ያወጣል፤ ስለዚህ 800 የሚያወጡ ሁለት የታወር አክሲዮኖች ሰጥቶ 900ውን መውሰድ ያዋጣል፣ ባንኩ ውስጥ የቀረ ካለ። እጁ ባዶ የሆነ ሰው ግን ቢያንስ ከፊሉን ይሽጥ። መያዝ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ካልሆነ አይመከርም፤ ታወር ዳግም ካልተነሣ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚባለው የተራው ቅደም ተከተል ነው። ጠጠር የሚቀመጠው ከግዢ በፊት ስለሆነ፣ አገናኟ ጠጠር እጅዎ ላይ ብትኖርም በዚያው ተራ አክሲዮን ጨምረው አንደኛ መሆን አይችሉም። አንድ ተራ ቀድመው ይግዙ፣ ከዚያ ያገናኙ። ከውህደቱ ባገኙት ገንዘብ ግን ወዲያው መግዛት ይቻላል።

11 ጠጠር የሞላ ኩባንያ አይዋጥም። ሁለት እንዲህ ያሉ ኩባንያዎችን የምታገናኝ ጠጠር ለዘለዓለም ሞታለች፤ ተጥላ በሌላ ትተካለች። ሰባቱም ኩባንያዎች ሰሌዳው ላይ ሳሉ ስምንተኛ የምትመሠርተው ግን ለጊዜው ብቻ ታግዳለች፤ ያዟት እንጂ አትጣሏት። ጨዋታው የሚያበቃው አንድ ኩባንያ 41 ሲደርስ ወይም በሰሌዳው ላይ ያሉት ሁሉ 11 ሲሞሉ ነው፤ ማብቃቱን የሚያውጀው ባለተራው ነው፣ ካልጠቀመው ዝም ማለት ይችላል። አክሲዮን በግልጽ ይቀመጥ ወይስ ይደበቅ የሚለውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለሚማር ሰው በግልጽ ይሻላል።

እትሞቹ እኩል አይደሉም። ጠጠሩ የሚገጥምበት ማረፊያ ያለውን የፕላስቲክ ሰሌዳ እንመርጣለን፤ ለጥ ባለ ካርቶን ላይ አንድ ክንድ ከነካው ኩባንያዎቹ ይበታተናሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም ሰሌዳ 10 በ10 በመሆኑ ጠጠሮቹ 100 ናቸው፤ የቆየውን ስሌት ለለመደ ሰው ይጠብበታል። ያገለገለ ሲገዙ ጠጠሮቹንና 175ቱን አክሲዮኖች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። የጎደለ አክሲዮን በወረቀት ይተካል። የጎደለች ጠጠር ግን አስቸጋሪ ናት፦ ጠጠር የሚነሣው ሳይታይ ስለሆነ፣ ከሌላ ነገር ተቆርጣ የተሠራችውን ከረጢት ውስጥ እንኳ እጅ ይለያታል።