መጽሐፍ እየተነበበ የሚሠራ የሥዕል ወርክሾፕ፦ ቤት ለሚማሩ ልጆች የትኛው ያዋጣል?

ሁለት ልጆቼን ቤት ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖሩ፣ እንደ እኔው ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ተረትና መጽሐፍ እያነበቡ፣ ካነበቡት ሥዕል የሚያሠሩ ወርክሾፖች በየቦታው ይተዋወቃሉ፤ ለየትኛው ልክፈል?» ይሉኛል። በስልክ የተነገረ ዋጋ ስለሚረሳ፣ የከፈልኩትን ሁሉ ከደረሰኞቼ ላይ እየተመለከትኩ እዚህ አስፍሬዋለሁ። የሞከርኳቸው አማራጮች ስቱዲዮ ሄዶ መማር፣ በዙም መማር፣ በየወሩ በፖስታ የሚመጣ ሣጥንና ጥቂት ቤተሰቦች ሆኖ አንድ ሠዓሊ መቅጠር ናቸው። ምርጫዬ የመጨረሻው ነው፤ ሌሎቹን ለምን እንደተውኩም ከነሂሳቡ እናገራለሁ።

በሜሪላንድ በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) ቁጥጥር ሥር ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ ትምህርቱን ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ሊያስተምራቸው ከሚገቡት ስምንት የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ሥነ ጥበብ ሲሆን፣ የልጁ ሥራዎች የተሰበሰቡበት ፖርትፎሊዮም በዓመት እስከ 3 ጊዜ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የሥዕል ትምህርት ለእኛ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። በፖርትፎሊዮው ውስጥ የሚገባው ሥዕል ልጁ የሰማውን ታሪክ እንዴት እንደተረዳው የሚያሳይ ሊሆን ይገባል፤ በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ቀለም ብቻ የተቀባበት ወረቀት ግን ስለ ልጁ ምንም አይናገርም።

በመጀመሪያ የገዛሁት የፖስታውን ሣጥን ነበር፤ እጅግ የተጎዳሁትም በእርሱ ነው። ዋጋው በወር 39 ዶላር፣ የመላኪያው 8 ዶላር፣ በድምሩ 47 ዶላር ሲሆን፣ አንዱ ሣጥን ለአንድ ልጅ ብቻ ይበቃል። በውስጡ የአንድ ተረት ማጠቃለያ፣ የሁለት ሥራዎች መመሪያ፣ የውሃ ቀለም፣ ሦስት ብሩሽና ዐሥር ኤ4 ወረቀት ነበረበት። መመሪያው ከሌላ ዝግጅት ላይ በፎቶ ኮፒ የተገለበጠ መሆኑ ከጠርዙ ያስታውቅ ነበር፤ በታችኛው ኅዳግ የሌላው አዘጋጅ ስም ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም ነው ተብሎ ተጽፎበታል፤ ነገር ግን ልጄ የመጀመሪያውን ሰማያዊ ቀለም እንደቀባች ወረቀቱ ተጨማደደ፣ በሁለተኛው ቅብ ላይ ደግሞ ተልጦ ተነሣ። አንድ ኤ4 ወረቀት የካሬ ሜትር አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ስለሆነ፣ ባለ 300 ግራሙ ዐሥር ቅጠል ወደ 187 ግራም ሊመዝን ይገባዋል። ያልተነካውን የሁለተኛውን ወር ዐሥር ቅጠል በወጥ ቤት ሚዛን ብመዝነው 104 ግራም ብቻ ሆነ፤ ይህም በካሬ ሜትር 166 ግራም ማለት ነው። ይህን ሚዛን ማንኛዋም እናት ቤቷ ውስጥ ልታደርገው ትችላለች፤ ከሻጩ ጋር ስከራከርም የረዳኝ ማስረጃ ይኸው ብቻ ነበር።

ቀለሙም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ጠመኔ የበዛበት በመሆኑ ሲደርቅ ይገረጣል፣ በጣት ሲነካም ይራገፋል። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን በማሸጊያው ላይ «ኤፒ» የሚል ክብ ምልክት አለመኖሩ ነው። ይህ ምልክት በአሜሪካ ለልጆች በሚሸጡ የሥዕል ዕቃዎች ላይ የሚታይ፣ ቀለሙ በባለሙያ ተመርምሮ መርዛማ እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ ነው፤ ብሩሹን ወደ አፉ የሚያስገባ ትንሽ ልጅ ላላት እናት ከዋጋው ይቀድማል። ሣጥኑን ለማቋረጥ ብጠይቅም በየወሩ በራሱ የሚታደስ ስለነበር ሁለት ተጨማሪ ክፍያ ከካርዴ ተወስዶ፣ ከ94 ዶላሩ የተመለሰልኝ 47ቱ ብቻ ነው።

የተበላሸውን ለማዳን ያደረግሁትም ጊዜ በልቶብኛል። የተጨማደደውን ሥዕል በጀርባው በኩል ውሃ በስሱ ረጭቼ፣ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርጌ፣ ከባድ መጻሕፍት ጭኜበት አሳድሬው ተቃንቷል። ከብረት አንገቱ የተነቀለውን ብሩሽ ደግሞ እንጨቱን በደንብ አድርቄ በኢፖክሲ ማጣበቂያ መልሼ፣ ብረቱን በፒንሳ ዙሪያውን ጠበቅ አድርጌ ሠራሁት፤ ይህ ብልሽት ብሩሹ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲያድር እንጨቱ አብጦ ኋላ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጥሩ ብሩሽ ላይም ይደርሳል። ጠጉሩ የሚረግፍ ብሩሽ ግን መድኃኒት የለውም፤ ሥዕሉ ላይ የተጣበቀውን ጠጉር በመርፌ ስለቅም ያመሸሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በዚህ ምክንያት ሣጥን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው፣ በ11 ዶላር ባለ 12 ቅጠል ጥሩ የውሃ ቀለም ወረቀት፣ በ9 ዶላር ባለ 16 ቀለም፣ በ14 ዶላር ደግሞ አራት ብሩሽ ራሳችሁ ግዙ፣ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት በነፃ ተዋሱ የሚል ነው። ድምሩ 34 ዶላር ነው፤ ከአንድ ሣጥን በ13 ዶላር ያንሳል፣ ብሩሹም ዓመት ይቆያል።

ስቱዲዮው ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ዕቃው ንጹሕ፣ መምህሯም ሙያዋን የምታውቅ ነበረች። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ሲያስተዋውቁት ደግሞ ከሚናገሩት ይበልጣል። የተነገረኝ ለአንድ ክፍለ ጊዜ 35 ዶላር ሲሆን፣ የስምንት ሳምንቱ 280 ይሆናል። በዚህ ላይ የዕቃ 40፣ የምዝገባ 25 ዶላር ሲጨመር ለአንድ ልጅ 345 ደረሰ። ለሁለተኛው ልጅ የሚደረገው የ10 በመቶ ቅናሽ በትምህርቱ ዋጋ ላይ ብቻ ስለሆነ 28 ዶላር ብቻ ቀነሰልኝ፤ ለሁለቱ 662 ዶላር ከፈልኩ። ይህ ለአንድ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ 41 ዶላር ከ38 ሳንቲም፣ ክፍለ ጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነም የመኪና ማቆሚያው ሳይቆጠር በሰዓት ወደ 27 ዶላር ተኩል ማለት ነው። በተጨማሪም የሚነበበው ታሪክ ለዐሥር ደቂቃ ብቻ ሆኖ ቀሪው ጊዜ መምህሯ ያዘጋጀችውን ናሙና መከተል ስለነበር፣ በመጨረሻው ቀን ስምንቱ ልጆች አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት ወፍ ይዘው ወጡ። ዕድሜያቸው ከ13 በላይ ለሆነና የዘይት ቀለም ወይም የሸክላ ሥራ ለሚሹ ልጆች፣ ዕቃው ቤት ውስጥ ስለማይያዝ፣ ስቱዲዮ ያዋጣል እላለሁ፤ ለትናንሾቹ ግን አልልም።

ስለ ዙም በአጭሩ ልናገር። ለአንድ ልጅ በክፍለ ጊዜ 16 ዶላር፣ ለስምንት ሳምንት 128፣ ከገዛሁት ዕቃ ጋር 173 ዶላር ወጥቶብኛል። ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ ብቻ በመሆኑ በሰዓት ሲሰላ ወደ 26 ዶላር ይደርሳል፤ ርካሽ የሚመስለው ይህ ስለማይታሰብ ነው። በአዲስ አበባ ከሚኖር መምህር በአማርኛ ለሚማሩ ልጆች የሰዓቱ ልዩነት የሚመች ነው፤ በአሜሪካ የበጋ ወራት እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል፤ በኖቬምበር መጀመሪያ የአሜሪካ ሰዓት ሲለወጥ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ያርፋል። ቢሆንም መምህሩ የልጄን እጅ ማየት አይችልም፤ ብሩሹን ምን ያህል እንዳራሰች፣ ወረቀቱን እንዴት እንዳዘነበለች ከካሜራው ውጭ ነው። ጎረቤት ቤተሰብ በሌለበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ግን ከሣጥኑ አስቀድማችሁ ይህን ምረጡ።

አሁን ወደ ምርጫዬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት አራት ቤተሰቦች ስድስት ልጆች ይዘን ተስማማን፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ እዚሁ የሚኖር ሠዓሊ ለሁለት ሰዓት 120 ዶላር እየከፈልነው፣ በየተራ ሳሎናችንን እየለቀቅን፣ ስምንት ሳምንት አስተማረልን። ለአንድ ልጅ 20 ዶላር ሆነ። ዕቃውን በጋራ ስንገዛ ወረቀት 66፣ ቀለም 54፣ ብሩሽ 36፣ በድምሩ 156 ዶላር፣ ለአንድ ልጅ 26 ወጣ። ስለዚህ ለስምንቱ ሳምንት በልጅ 186 ዶላር፣ በክፍለ ጊዜ 23 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ በሰዓት 11 ዶላር ከ63 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ከስቱዲዮው የሰዓት ዋጋ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የመረጥነው ታሪክ የንግሥተ ሳባ ነበር፤ የመረጥንበትም ምክንያት ራሱ ሥዕል ስለሆነ ነው። የአገራችን ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ በ44 ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍለው፣ ዘንዶው ከነገሠበት ዘመን ጀምሮ ታቦቱ አክሱም እስኪገባ ድረስ በተራ እየሳሉ፣ በእያንዳንዱ ሥር ምን እንደሆነ በአማርኛ ይጽፉበታል። እያንዳንዱ ልጅ ሰባት ክፍል ወሰደ፤ ይህ 42 ሲሆን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በአንድነት ሠሩ። በየሳምንቱ የአንዱ ቤተሰብ አያት ወይም እናት ተራውን ታሪክ በአማርኛ ትተርካለች፤ ልጆቹ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ሠዓሊው ምንም ናሙና ሳያሳይ «የትኛው ጊዜ ታያችሁ?» ብሎ ይጀምራል። የሰሎሞንን ጥበብ ለንግሥቲቱ የነገራት ነጋዴው ታምሪን ለሰባት ዓመቱ ልጄ ከግመሎቹ በታች ያነሰ ሰው ሆኖ ታየው፤ «ብዙ ዕቃ ስለጫነ ግመሎቹ ይበልጡታል» አለ። ሠዓሊው አላረመውም። በጥንታዊው ሥዕላችን ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው ታይቶ ከፊት፣ ክፉዎች ግን አንድ ዓይናቸው ብቻ ታይቶ ከጎን እንደሚሳሉ ሲነግራቸው፣ ሰሎሞን በውሃው ጽዋ ንግሥቲቱን ባታለላት ሌሊት በስንት ዓይን ይሳል በሚለው ላይ ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ከዚያ በኋላ የጻፉት የአማርኛ መግለጫ ለፖርትፎሊዮዬ ከሌላው ሁሉ ያማረው ገጽ ሆኗል።

በአምስተኛው ሳምንት ወደ ባልቲሞር ወርደን የዎልተርስ ሙዚየምን ጎበኘን። መግቢያው ነፃ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትላልቅ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ስብስቦች አንዱንም የያዘ ነው። ልጆቹ በብራና መጻሕፍት ላይ የሚሳለውን ሐረግ የሚባል የጠርዝ ጌጥ፣ የቅዱሳን ስሞች በቀይ ቀለም የሚጻፉበትንም ሥርዓት ከተማሩ በኋላ የየራሳቸውን ክፍል ጠርዝ በሐረግ ከበቡት። ይህን ጉብኝት ስቱዲዮው ለአንድ ልጅ 30 ዶላር ጨምሮ ያቀርበው ነበር፤ እኛ የከፈልነው የነዳጅ ብቻ ነው።

የዚህ አማራጭ ድካም አስተባባሪ መፈለጉ ነው። አንድ ልጅ ቢቀር የ120ው ድርሻ ለአምስቱ 24 ዶላር ይሆናል፤ ሁለት ቢቀሩ 30 ይደርሳል። ስለዚህ እንደ ዕቁብ ገንዘቡን አስቀድመን ሰበሰብን፤ አቋርጦ ለሚወጣ አይመለስም ብለንም ተስማማን፤ አንድ ቤተሰብ በስድስተኛው ሳምንት ሲቀር የተከፋ አልነበረም። ሠዓሊ መሆን ደግሞ ከልጆች ጋር መሥራት መቻል አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ያነጋገርነው አንድ ሰው በልጆቹ ሥዕል ላይ በራሱ ብሩሽ እያረመ ስላየነው አልቀጠርነውም። ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ የስምንቱን ሳምንት ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ በሙሉ ክፍያ አሠሩት፤ ሲያበቃም ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ስድስቱ ሥዕሎች የሚመሳሰሉ ከሆነ ሌላ ሠዓሊ ፈልጉ፤ የወጣባችሁ በልጅ 20 ዶላር ብቻ ነው።