ከትምህርት ቤት በኋላ የልጆች ማቆያ፦ መቀሱ ጥሩ ነው፣ ሲሚንቶው ግን...

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ኬጂ በ9 ሰዓት ይለቀቃል፤ እኔ ሱቅ የምዘጋው 12 ሰዓት ነው። ያንን ሦስት ሰዓት የስፌት መኪናዬ ሥር ቁጭ ብሎ ስልክ ሲነካካ ያሳልፈው ነበር።

መስከረም ላይ ሰፈራችን ያለ ማቆያ አስገባሁት። ምስጋናም ወቀሳም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም። በወር 1,200 ብር፣ መክሰስ ከቤት።

የመጀመሪያውን ወር ተናድጄ ነበር። ደብተሩ ባዶ፣ እጅጌው ጭቃ። እኔ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ሄጄ መምህሯን «231ዱን ፊደል መቼ ልትጨርሱለት ነው?» አልኳት። ሳቀች። «እህቴ፣ እርሳስ የሚይዘው ጣት ነው። መጀመሪያ ጣቱ ይጠንክር» ብላ ጓሮ ወሰደችኝ። ጭቃ የሚያድቦለቡል አለ፣ ዶቃ በክር የሚሰካ አለ። ሁለት ሴቶች ልጆች ጥግ ይዘው ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። የእኔው ምላሱን አውጥቶ፣ መስመሩን ተከትሎ፣ ወረቀት በመቀስ ክብ አድርጎ ይቆርጣል።

እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። ተለማማጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እጁ ይታዘዘው እንደሆነ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁርጥራጭ ጨርቅ በፌስታል እልክላቸዋለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ አንዲት እናት መጥተው «ተረት ተረት» ይላሉ፤ «የላም በረት!» ይጮሃሉ ልጆቹ። ተረቱን መሃል ላይ ያቆሙና «ከዚያስ ጦጢት ምን አለች?» ብለው በተራ ያስጨርሷቸዋል። አባቱ ሹፌር ነው። ሸዋ ሮቢት ባደረ ቁጥር ልጄ በስልክ ይተርክለታል። ድሮ «ደህና ነኝ» ብሎ ነበር የሚዘጋው።

አሁን ወደ ብርዱ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳር ላይ ውርጩ ሣር ያነጣል። የክፍሉ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ! ልጄ ሁለት ጊዜ ሳል ይዞት ቀርቷል። ስናገር «እየተነጋገርንበት ነው» ይሉኛል። ለ31 ልጅ ሁለት መምህር ብቻ መሆኑም አይዋጥልኝም። ከ11:30 ካለፈ ደግሞ 50 ብር ቅጣት አለ፤ ስለዚህ ተለማማጇን ነው የምልከው።

ሁለተኛውን መንፈቅ ከፍያለሁ። ምንጣፉን ከዚያው ከቁርጥራጩ ራሴ እየሰፋሁላቸው ነው። ከወር ክፍያው ይታሰብልኝ ብያለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም።