ሽታ የሌለው ቫዝሊን ለልጄ ቆዳ
ልጄ ኢክቲዮሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም አለባት። ቆዳዋ ይደርቃል፣ እንደ ቅርፊት ይነሳል። የደሴ ብርድ ደግሞ፣ በተለይ የጦሳ ተራራ ንፋስ ሲወርድ፣ አይምርም። ሐኪሟ እንዲህ አስረዳችኝ፦ ኤቢሲኤ12 የሚባል ፕሮቲን በቆዳ ሴል ውስጥ ስብን ወደ ትንንሽ ከረጢቶች ያስገባል። ከረጢቶቹ ስቡን በሴሎቹ መሃል ያፈሱታል። ቆዳ ውሃ እንዳያመልጠው የሚያደርገው ይሄ ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ገና ማህፀን ውስጥ እያለን ነው። ልጄ ላይ ይሄ ማጓጓዣ ደከም ብሏል።

ስለዚህ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ሽታ የሌለውን ነጭ ቫዝሊን ገዛሁ። ገላዋን አጥቤ፣ ሳይደርቅ፣ ወዲያው እቀባታለሁ። በሁለት ሳምንት የክርኗ ስንጥቅ ገጠመ። ልብሷን ቅባት በቅባት ያደርገዋል፤ ኮምቦልቻ ስንወርድም ይሞቃታል። ፕሮቲኑን አይጠግንም። ግን ሌሊት ሳታክ ትተኛለች፤ እኔም እተኛለሁ። ሽቶ ያለበትን ግን አትግዙ፤ አቃጥሏት ስታለቅስ አድራለች።