አንኮር እና ቦሮቡዱር፦ ለጎብኚ እግር የተሰጡ ሁለት መልሶች

የካምቦዲያን ጥንታዊ የቤተ መቅደሶች ስፍራ አንኮርንም፣ የኢንዶኔዢያን ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ቦሮቡዱርንም የሚፈትናቸው የጎብኚ እግር ነው።

አንኮር በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚዎች ገቡበት። የስፍራው ዋና ቤተ መቅደስ የሆነው የአንኮር ዋት ጥንታዊ ደረጃዎች ስለተሸረሸሩ ዛሬ ሰው የሚወጣው በላያቸው በተሠራ የእንጨት መሰላል ነው። ከእግሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ውኃው ነው። ቤተ መቅደሶቹ የቆሙት እርጥበት ባጠነከረው አሸዋ ላይ ሲሆን፣ በአቅራቢያው ያለችው የሲየም ሪፕ ከተማ ደግሞ ለሆቴሎቿ የከርሰ ምድር ውኃ ትስባለች፤ እርጥበቱ ሲቀንስ አሸዋው ይላላል። ይህን ጉዳት የትኛውም መሰላል አያቆመውም።

ቦሮቡዱር ጠበቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በቀን 1,200 ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ እርሱም ከአስጎብኚ ጋር፣ ከቅጠል የተሸመነ ለስላሳ ነጠላ ጫማ አጥልቆ። የጫማው ንድፍ የተወሰደው ከራሱ ከቤተ መቅደሱ ቅርጻ ቅርጽ መሆኑ ደስ ይላል። ትኬት ያላገኘው ግን ከታች አንጋጦ ይመለሳል።

ለድንጋዩ ሲባል የቦሮቡዱርን መንገድ እመርጣለሁ። ሆኖም ቦሮቡዱር አንድ ሕንፃ ነው፤ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው አንኮር በየበሩ የሚገባውን ሰው መቁጠር ከባድ ነው።